ከጥምቀት በኋላ ልጆቹ የት ይገባሉ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ አንባብያን። ከጥምቀት ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ወጣቶች ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። እንደምታውቁት የነገረ መለኮት ምሩቅ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት 27 ዓመት ያገለገልኩ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን በአባላት ጉዳይ ክፍል ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። የምመልሰውም እዚያ ካየሁት ነው።

*ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በአንድ ደብር የማዕከላውያን ክፍል፣ ማለትም በሕፃናትና በወጣቶች መካከል ያሉ ልጆች የሚማሩበት ክፍል አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። መዝገባችን ላይ 43 ልጆች አሉ። እሑድ የሚመጡት 11 ወይም 12 ናቸው። ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርሱ ይመጣሉ፣ ዘጠነኛ ሲገቡ ይጠፋሉ። የከተራ ዕለት ግን ሁሉም አሉ። ቲሸርት አሳትመው፣ ምንጣፍ ተሸክመው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ሲዘምሩ ይውላሉ። ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ አንዳቸውንም አላይም። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «የጥምቀት ክርስቲያኖች» ይሏቸዋል። እኔም ተስፋ እየቆረጥኩ ነው። ትምህርቱን ልቀይር? ትልቅ ጉባኤ ላዘጋጅ? ምን ይሻለኛል?*
*ከአዳማ*

ወንድሜ፣ አደራህን፣ «የጥምቀት ክርስቲያን» የሚለውን ቃል አንተ እንዳትጠቀምበት። ልጆቹ ይሰሙታል። የሰሙትንም አይረሱም።

ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ልጆች ጠጋ ብለህ አይተሃቸው ታውቃለህ? ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ይጠቀልላሉ። ያን ከባድ ጥቅል በትከሻቸው አድርገው በሕዝቡ መካከል ወደ ፊት ይሮጣሉ። ያነጥፋሉ። ተመልሰው ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ከጃንሜዳ እስከ አጥቢያችን ድረስ እንዲህ ነው የሚመጡት። ከፊት የሚጠርጉት ደግሞ አቧራውን ሁሉ ይቅማሉ። ማታ ታቦቱ መንበሩ ሲገባ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተዘርረው አያቸዋለሁ። ይህን ያደረገ ልጅ ፍቅር አልጎደለውም። የጎደለው ጥር 13 ቀን የሚሠራው ሥራ ነው።

በእኛ አጥቢያ ይህ የገባን ዘግይቶ ነው። ምንጣፎቹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከምረው ይቀመጡ ነበር። አይጥ ይበላቸዋል፣ እርጥበት ያበሰብሳቸዋል። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ገንዘብ ልመና እንወጣለን። አንድ ዓመት ልጆቹን ጠራናቸውና «ምንጣፎቹ የእናንተ ናቸው» አልናቸው። ቁልፉን ሰጠናቸው። መቁጠር፣ ማጠብ፣ የተቀደደውን ማሰፋት፣ ፀሐይ ላይ ማውጣት የእነሱ ሆነ። ለዚህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መገናኘት ጀመሩ። 19 ነበሩ።

የመጀመሪያውን ወር ማንም አልሰበከላቸውም። እኔ ሻይና ዳቦ ይዤ እሄድ ነበር፣ ሌላ ምንም አላደርግም። ስማቸውን ያዝኩ። የማን አባት እንደሞተ፣ ማን ከትምህርት እንደተባረረ፣ ማን ማታ ማታ ጋራዥ እንደሚሠራ አወቅኩ። ወደ ሁለተኛው ወር አንደኛው ምንጣፍ እያጠበ ቀና አለና «እትዬ፣ ታቦቱ ሲወጣ ለምንድን ነው ውኃ ወዳለበት የሚሄደው?» አለኝ። እኔ ስለ ዮርዳኖስ ስነግረው ሌሎቹም ሥራ አቁመው መጡ። ትምህርቱ የተጀመረው ያን ዕለት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ መምህር ለምኜ አመጣሁ። ዛሬ ከ19ኙ ሰባቱ አገልጋዮች ናቸው። አንደኛው ዲያቆን ሆኗል። አራቱን አጥተናቸዋል፣ እስከ ዛሬ ስማቸውን በጸሎት አነሣለሁ።

ስለዚህ ከመዝገብህ ሳይሆን ከቲሸርቶቹ ጀምር። ማን እንዳሳተማቸው ጠይቅ። ገንዘብ ያሰባሰበ፣ ማተሚያ ቤት የተመላለሰ፣ ጓደኞቹን ያስተባበረ አንድ ልጅ አለ። መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ስም መጥሪያው ነው። ስም ጠርተህ «የለም» የሚል ምልክት ካደረግህ በኋላ ምን ትሠራበታለህ? ብዙ ቦታ መዝገቡ የዓመት ሪፖርት ማዳመቂያ ነው። እኛ ጋ አንድ ሕግ አለ፤ ሁለት እሑድ የቀረ ልጅ ሦስተኛው ሳይደርስ ቤቱ ሰው ይሄዳል። ይሄዳል ነው የምልህ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የት ጠፋችሁ» ብሎ መለጠፍ አይደለም። የሚሄደውም ሰው «ለምን ቀረህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ሕግ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ልንገርህ። 16 ዓመቴ እያለ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ «ጌታችን አምላክ ከሆነ በጌቴሴማኒ የጸለየው ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የምሬን ነበር፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ያስተማረን ሰው ወደ 60 በሚጠጉ ልጆች ፊት አስነሣኝና «እንዲህ ያለ ጥያቄ የመናፍቃን ነው፣ ከማን ጋር ነው የምትውዪው?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ዕለት ወዲያ አልሄድኩም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም አልፈለገኝም።

አንድ ቅዳሜ ማታ በዝናብ በራችን ተንኳኳ። ከአባላት ጉዳይ የመጣች አንዲት እህት ናት። ነጠላዋ በስብሷል። እናቴ ቡና አፈላች። እህት ከአቦል እስከ በረካ ጠጣች። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድም አላነሣችም። ስሸኛት በሩ ላይ ዘወር አለችና «ከበሮ የሚመታ ሰው አጥተናል። አንቺ ትወጂ አልነበር?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሮ እንደምወድ አስታውሳለች። በማግስቱ ሄድኩ። ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ መምህር ጌታ ሥጋችንን በእውነት ስለ ተዋሐደ እንደ ሰው እንደ ጸለየ፣ ለእኛም አርአያ እንደ ሆነን በእርጋታ አስረዱኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ግን ለአሥር ደቂቃ መልስ ሁለት ዓመት ጠፍቻለሁ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለልጆች ስናስተምር ሁልጊዜ ትሏን እናወራለን። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ወጣች፣ እናንተም ጽኑ እንላለን። ደግ ነው። እኔ ግን የመምህሩ የአባ ጌዴዎን ነገር ይከነክነኛል። ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ የቀጡት እሳቸው ነበሩ። ከቅጣቱ ሸሽቶ ሲመለስ ደግሞ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በሩን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በምን ዜማ እንቀድስ ነበር? ለአስተማሪዎች ስብሰባ የምናገረው ይህንን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ይጠፋሉ ያልከው ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ትምህርት አለባቸው። ወላጆች ስለ ብሔራዊ ፈተና ይጨነቃሉ፣ ተገቢም ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ታላላቆች መካከል ኢንጂነሪንግ የሚማሩ፣ ባንክ የሚሠሩ አይጠፉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠኗቸው። ወላጅ ራሱ ልጁን ይዞ ይመጣል። ልጁም ሒሳብ የሚያስረዳው ወንድም ሲጾምና ሲጸልይ ያያል። ከማንኛውም ስብከት በላይ ይህ ሲሠራ አይቻለሁ።

ትልቁን ጉባኤ ለጊዜው ተወው። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ እንግዳ ሰባኪ… ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፣ በሚቀጥለው እሑድ የሚመጡት ግን ያው 11 ወይም 12 ናቸው። በዚያ ገንዘብ ዳቦና ሻይ ግዛ።

*እህቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። ትንሽ እያለ ነጭ ለብሶ ይዘምር ነበር። አሁን እሑድ ጠዋት መቀስቀስ ጦርነት ሆኗል። «ማሚ፣ ሦስት ሰዓት እቆማለሁ፣ ምን እንደሚሉ አይገባኝም፣ ግእዝ ነው አማርኛ ነው እንኳ አላውቅም» ይለኛል። ባለቤቴ በግድ ይሂድ ይላል። እኔ ጨርሶ እንዳይጠላ እፈራለሁ። በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ሌላ ቦታ ሊሄድብኝ ነው ብዬም እሰጋለሁ።*
*የተጨነቀች እናት*

እህቴ፣ ልጅሽ «አልወድም» አላለም። «አይገባኝም» ነው ያለው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እናውቀዋለን፣ የእኛው ሰው ታሪክ ስለሆነ እንኮራበታለን። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» የሚል ነበር። ያ ሰው ይህን ሲል ማንም ሰነፍ አላለውም። ፊልጶስ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ካነበበው ቦታ ጀምሮ አስረዳው። ልጅሽ ጃንደረባው ያለውን ነው ያለሽ። የሚያስፈልገውም ፊልጶስ ነው።

በእንግሊዝኛ መማሩን አትፍሪ። ተስዓቱ ቅዱሳን፣ ከውጭ የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን፣ መጡልን ብለን የምናከብራቸው ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መልሰው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ስላስተማሩን ጭምር ነው። እንግሊዝኛ የልጅሽ ቋንቋ ነው። እምነቱን በሚያስብበት ቋንቋ ካልተማረ በኋላ ኮሌጅ ሲገባ ለሚጠይቁት ሰዎች ምን ብሎ ይመልሳል?

ግእዙን ግን አትጣዪው። በጥቂቱ ስጪው። እኔ ለሕፃናት የማደርገውን ልንገርሽ። በሳምንት አንድ ተሰጥኦ ብቻ፣ ማለትም ካህኑና ዲያቆኑ ሲሉ ሕዝቡ የሚመልሰውን። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ለጸሎት ተነሡ ማለቱ ነው። እኛ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስንል አቤቱ ይቅር በለን ማለታችን ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ማለታቸው ነው። «ምስለ መንፈስከ» ደግሞ ከመንፈስህ ጋር። እራት ላይ ተለማመዱት፣ አንቺ ዲያቆን ሁኚ፣ እሱ ሕዝብ ይሁን። በወሩ አራት ቦታ ላይ ድምፁን ከሕዝቡ ጋር ያሰማል። ቆሞ የሚሰለቸው የሚሠራው የሌለው ሰው ነው።

አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ። በብዙ የውጭ አገር አጥቢያዎች ቅዳሴው በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በስክሪን ይታያል። የእናንተም ጋ ካለ ካህኑን አነጋግሪና ልጅሽ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ። ገጹን የሚቀይር ሰው ካህኑ የት እንደ ደረሱ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አንድ መስመር ከዘለለ ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል። እዚያ አካባቢ የምትኖር የእህቴ ልጅ በዚህ ዓይነት ነው ቅዳሴውን የለመደችው። አሁን እሑድ የትኛው ቅዳሴ እንደሚቀደስ ከዋዜማው ደውላ ትጠይቃለች። ከ14ቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደሆነ ማለቷ ነው።

የግድ ይሂድ ወይስ ይቅር ለሚለው፣ እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ። 15 ዓመቱ ነው፣ ቤተሰቡ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ እሱም ይሄዳል። ትምህርት ቤት መሄድ ምርጫው እንዳልሆነ ሁሉ። በዚህ አትሸማቀቂ። ሲመለስ ግን መኪና ውስጥ ያለው ጊዜ የእሱ ይሁን። መዝሙር አትክፈቺ። ስብከቱን አትድገሚለት። «ዛሬ ያልገባህ ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ። የማታውቂውን ቢጠይቅሽ «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በይው። ባለቤትሽም እንዲሁ ያድርግ። ልጆች አባታቸው «አላውቅም» ሲል ሲሰሙ ብዙ ነገር ይቀላቸዋል።

እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አሁን 22 ወይም 25 ዓመት የሆነው፣ በእምነቱ የጸና አንድ ወጣት ፈልጊ። አይጠፋም። በሳምንት አንድ ቀን ኳስ አብሮት ይጫወት፣ ፒዛ ይብሉ። አንቺና እኔ የማናውቀውን የዚያን አገር ትምህርት ቤት እሱ ያውቀዋል። ልጅሽ ቲክቶክ ላይ ስለ ሃይማኖት ክርክር ሲያይ የሚጠይቀው እሱን ነው።

*ሰላም እትዬ። የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ) ከገባሁ ወዲህ መቁረብ ፈልጌአለሁ። እናቴ «ገና ልጅ ነሽ፣ ስታገቢ ትደርሺበታለሽ» ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ከቆረብሽ በቃ፣ መሳቅም መጫወትም የለም» ይሉኛል። ንስሐ አባታችን ቤት ሲመጡ ጸበል ይረጫሉ፣ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ ይሄዳሉ። ብቻዬን አነጋግሬያቸው አላውቅም። ኃጢአቴን ነግሬያቸው ለእናቴ ቢነግሩስ?*
*ከጅማ*

የእኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አለቀስኩ። ይህ የእኔም የትውልዴም ታሪክ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርበውን ሰልፍ ተመልከቺ። ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ አሉ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። በቅርቡ በቁርባን የተጋቡ ጥቂቶች አሉ። መሐሉ ባዶ ነው። ከ12 ዓመት እስከ 30 ያሉት ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችም። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ ያንኑ ዕለት ይቆርባሉ። አንቺም ቆርበሻል። ስለዚህ እንደ አዲስ የምትጀምሪው ነገር የለም፣ ወደ ነበርሽበት ነው የምትመለሺው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ሲል ያገቡትን ወይም ያረጁትን ለይቶ አልተናገረም። ፈተናው በሚበዛበት ዕድሜ ከመድኃኒቱ መራቅ ምን ይሉታል? መሳቅና መጫወትም አልተከለከለም። ቅዱስ ቁርባን የሚጠይቀው ንስሐ ነው፣ ዝግጅት ነው፣ ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት መጾም ነው። የቀረውን ጥንቃቄ ካህኑ ይነግሩሻል።

ፍርሃትሽ ግን ንስሐው ላይ ነው፣ ገብቶኛል። ካህን በንስሐ የሰሙትን ለማንም መናገር አይችሉም፣ ለእናትም ቢሆን። ይህ የክህነታቸው ግዴታ ነው። እንዲያም ሆኖ የቤተሰቡን አባት ዓይን እያየሽ መናገር ከከበደሽ፣ በትሕትና አስፈቅደሽ ሌላ ንስሐ አባት መያዝ ትችያለሽ። ጅማ እያለሽ በቅርብ የምታገኚያቸው አባት ቢሆኑ ይሻላል። የግቢ ጉባኤሽን ታላላቅ እህቶች ጠይቂያቸው፣ ተማሪ የለመዱ አባቶችን ያውቃሉ።

ስትሄጂ አፍሽ ቢያያዝ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ እንዲያ ነበር ያደረግኩት፤ 23 ዓመቴ ነበር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ሲያበቃ አባታችን ወረቀቱን ተቀበሉኝና ቀደው ጧፉ ላይ አቃጠሉት። «በይ አሁን ሄደሽ ተኚ፣ ደክሞሻል» አሉኝ። በእውነትም ደክሞኝ ነበር።

ለክረምት ዕረፍት ቤት ስትመለሺ ፍልሰታ ይደርሳል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በየቀኑ ይቀደሳል፣ ብዙ ሰው የሚቆርበውም ያኔ ነው። እናትሽን አብራሽ እንድትገባ ጠይቂያት። «ስታገቢ» ያለችሽ ምናልባት ለእሷም እንዲሁ ተብሎ ስላደገች ይሆናል። አንቺ ሰልፉ ውስጥ ቆመሽ ስታይሽ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላሽ ልትቆም ትችላለች።